ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፦ ከሁለት ካሜራ አንዱን የመረጥኩበት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የነቢያት ጾም እስኪፈታ ሰርግ የለም። ስልኬም ጭጭ ብሏል። ካሜራ አማርጬ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ፋታ ስለማላገኝ ዛሬ ደብተር ከፈትኩ፤ የሞከርኩትን ሁሉ በዕለቱ እጽፋለሁ።

እስካሁን የምሠራበት ካነን 6ዲ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ። ካሉት 11 የፎከስ ነጥቦች ግን ልቤ የሚያምናት መካከለኛዋን ብቻ ነው። ሙሽራዋ ከመሃል ወጣ ብላ ከቆመች መጀመሪያ ፊቷ ላይ ፎከስ ይዤ፣ ከዚያ ካሜራውን ወደምፈልገው አዙሬ ነው የማነሳው፤ እስከዚያ እሷ ዞራለች። የካርድ ማስገቢያውም አንድ ብቻ ነው። ሰርግ አይደገምም። ካርዱ ቢበላሽ ለሙሽራዋ እናት ምን እላለሁ እያልኩ ስንት ቅዳሜና እሑድ በስጋት አሳልፌያለሁ።

ያስወሰነኝ ግን ኅዳር መጀመሪያ ላይ የገጠመኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥርዓቱ እየተፈጸመ፣ የካሜራዬ መስታወት ቷ ባለ ቁጥር አንድ አባት ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ዐይናቸውን ብቻ ነው ያሳረፉብኝ። አፍሬ ካሜራዬን ዝቅ አደረግኩ። ቀለበቱ ጣት ውስጥ ሲገባ የሚያሳይ ፎቶ በዚያ አልበም ውስጥ የለም። ቤተሰቡ አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን አልበሙን ሳስረክብ የጎደለው ገጽ የት እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሚረርለስ የሚባሉት ካሜራዎች ይህ የሚገለበጥ መስታወት የላቸውም። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ያርፋል፤ ሴንሰሩ ራሱ ዐይን ይፈልጋል፣ ፎከስ ይይዛል፤ ከተፈለገም ያለ ምንም ድምፅ ያነሳል። ለምርጫ ያቀረብኳቸው ሁለት ናቸው፦ በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 4 እና በ2022 የወጣው ካነን አር6 ማርክ 2። ሁለቱም ሙሉ ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር፣ ሁለቱም ሁለት የካርድ ማስገቢያ አላቸው።

አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ የተቆረጠላቸው ዋጋም አንድ ነው፤ 2,499 ዶላር። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ያ ገንዘብ 142 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዶላሩ ከ120 ብር አልፏል፤ ያው ዕቃ 300 ሺህ ብር ሊሞላ ነው ማለት ነው፤ ያውም ሌንስ ሳይጨመርበት። ተሳስቼ ብገዛ ለዓመታት ከስሕተቴ ጋር ነው የምኖረው።

ያሉኝ ሌንሶች ሦስት የካነን ሌንሶች ናቸው፦ 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ሞዴል፣ 85 ኤፍ 1.8 እና ትንሿ 50 ኤፍ 1.8። የፊተኛው ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ቪዲዮውን የሚሠራልኝ ባልደረባዬ ግን ሶኒ ነው የያዘው፤ አልፋ 7 ማርክ 3። «እህቴ፣ አትልፊ፤ አንቺም ሶኒ ያዢና ሌንስ እየተዋዋስን እንሥራ» ብሎኛል። ይህን ስጽፍ ልቤ ወደ ሶኒው አጋድሏል። መጨረሻ ላይ ከሐሳቤ ጋር እንዳመሳክረው ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ሁለቱንም ተከራየሁ። ከሶኒው ጋር የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8፣ ከካነኑ ጋር ደግሞ የድሮ ሌንሶቼን የሚቀበል አዳፕተር አብሮ መጣ።

ሶኒው ከነባትሪውና ካርዱ 658 ግራም፣ ካነኑ 670 ግራም ነው። ልዩነቱ አንድ ስኒ ቡና የሚፈላበት ዱቄት ያህል ነው። ነገር ግን ካሜራ ያለ ሌንስ አይያዝም። ታምሮኑ 540 ግራም ስለሆነ ሶኒው 1,198 ግራም ላይ ይቆማል። የእኔ 24-70 ብቻውን 805 ግራም ነው፤ አዳፕተሩ 110 ሲጨመር ካነኑ 1,585 ይሆናል። ወደ 390 ግራም ይበልጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽራ ስትዋብ ጀምሮ ማታ አዳራሽ እስኪዘጋ አንገት ላይ የሚውል 390 ግራም ቀላል አይደለም።

አያያዙ ላይ ካነኑ ይሻለኛል። መያዣው ጥልቅ ነው፤ ትንሿ ጣቴ የምታርፍበት አላት። ሶኒውን ስይዝ ትንሿ ጣቴ ከሥሩ ትንሸራተታለች። ይህ የእጅ ጉዳይ ስለሆነ የሌላ ሰው ምስክርነት አይጠቅምም፤ ሄዶ መያዝ ነው። ሶኒው ግን አንድ የወደድኩለት ነገር አለው፦ ከዋናው መደወያ ሥር ፎቶና ቪዲዮ የሚለይ ሌላ መደወያ አለ፤ የፎቶው ቅንብር ከቪዲዮው ጋር አይደባለቅም። ካነኑም በግራ በኩል የፎቶና የቪዲዮ መቀየሪያ አለው፤ ማብሪያውን ወደ ቀኝ ስላመጡት ግን ከ6ዲ የመጣ እጅ ለማብራት ሲል ቪዲዮ ይከፍታል። ዛሬ አራት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ባትሪ። በስክሪን ሲሠሩ ለሁለቱም የሚነገረው 580 ፎቶ ነው። ከ6ዲው ጋር የነበሩኝ አራት አሮጌ ባትሪዎች ካነኑ ውስጥ ሰተት ብለው ገቡ፤ ይህ በገንዘብ የሚታሰብ ነው። በሌላ በኩል ሶኒው በማንኛውም ፓወር ባንክ ቻርጅ ያደርጋል። ካነኑ ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው ፈጣን አሞላል ያለው ፓወር ባንክ ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ ያም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን አሮጌ ባትሪዎች በገመድ አይሞላም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምኖር ለእኔ ይህ ሊጻፍ ይገባዋል።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

የዛሬውን ፈተና ነው ከሁሉ በላይ የፈለግኩት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከመስኮቱ አጠገብ ሦስት ሰው አስቀመጥኩ። ታናሽ ወንድሜ ጥቁር ነው፣ እህቴ ጠይም፣ የጎረቤታችን ልጅ ቀይ ዳማ። ሦስቱንም የእናቴን ነጭ ነጠላ አለበስኳቸው።

ነጠላና ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ካሜራ የሚሳሳትበትን ምክንያት የኛ አገር ፎቶ አንሺ ሁሉ በልምድ ያውቀዋል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጩ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ይልና ያጨልማል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የወንድሜ ፊት ደግሞ ጥላ ውስጥ ይገባል። ለፊቱ ብለን ብንጨምር ነጠላው ይነድና ሽመናው ይጠፋል። እናቶቻችን ለሰርግ የሚለብሱት ነጠላ ጥበቡን ሳይጨምር ነጩ ክር ራሱ የሚታይ ሥራ ነው። እሱ ከጠፋ የሚቀረው ነጭ ወረቀት የጠቀለለች ሴት ፎቶ ነው።

በ6ዲው ይህን የማስተካክለው በግምት ነበር፤ አንስቼ፣ አይቼ፣ ጨምሬ፣ እንደገና አንስቼ። ሚረርለስ ላይ ሊነሳ ያለው ፎቶ ገና ሳይነሳ በማያው ውስጥ ይታያል። ሶኒው ላይ ዜብራውን ከፈትኩት። ነጠላው ሊነድ ሲል ሰያፍ መስመሮች ይሮጡበታል፤ መስመሩ ጥበቡ ጫፍ ላይ ብቻ ብቅ ሲል ብርሃኑን እዚያው ቆለፍኩ። የወንድሜ ፊት በቂ ብርሃን አገኘ፣ ክሩም ተቆጠረ። በካነኑ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ሥዕል) እያየሁ ነው የሠራሁት፤ ውጤቱ ያው ነው፤ ግን ሂስቶግራም ሌላ ቦታ ላይ የሚታይ ጉብታ ነው፣ ዜብራው ግን ነጠላው ላይ ራሱ ነው የሚናገረው። ለዚህ ሥራ ሶኒው ይቀድማል።

ሌላው ፈተና ሆን ብዬ ሦስት ስቶፕ (እያንዳንዱ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) አጨልሜ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ መመለስ ነበር። ሶኒው ጥላውን ሲያወጣ ትንሽ የጸዳ ነው። ካነኑ በሜካኒካል ሻተር፣ ማለትም በሚከፈትና በሚዘጋ መጋረጃ፣ ሲነሳ ልዩነቱን የማየው አጉልቼ ስፈልግ ብቻ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሻተር፣ ማለትም መጋረጃው ሳይንቀሳቀስ በጸጥታ፣ ሲነሳ ግን የካነኑ ፋይል ከ14 ቢት ወደ 12 ቢት ይወርዳል (የሚመዘግባቸው የብርሃን ደረጃዎች ያንሳሉ)፤ በወንድሜ አገጭ ሥር ያለው ጥላ ኖይዝ (ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ) አወጣ። ድምፅ አልባውን ሻተር የምፈልገው ደግሞ ጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ይህን አሰምሬበታለሁ፦ በካነኑ በጸጥታ ስሠራ አጨልሜ ማንሳት የለብኝም።

የቆዳ ቀለም። ከካሜራው በቀጥታ የሚወጣው ጄፔግ ላይ ካነኑ ለእህቴ ጠይምነት ሞቅ ያለ መልክ ሰጣት፤ እሷም ወደደችው። ሶኒው ወደ ቢጫ ያደላል፤ የነጭ ሚዛኑን በትንሹ ሳስተካክለው ተስተካከለ። ከሮው (ካሜራው ካላስተካከለው ጥሬ) ፋይል አስተካክዬ ስድስት ፎቶ ደባልቄ የትኛው የየትኛው ካሜራ እንደሆነ እህቴን ጠየቅኳት፤ ሦስቱን አገኘች፣ ሦስቱን ሳተች። ስለ ቀለም የሚወራው ብዙው ነገር ለእኔ እዚህ ላይ አበቃ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ፋይል። የሶኒው 33 ሜጋፒክስል፣ የካነኑ 24 ነው። ሳይጎዳ የታመቀ የሶኒ ሮው 40 ሜጋባይት አካባቢ ይመዝናል፤ የካነኑ 27 አካባቢ። በአንድ ሰርግ 2,500 ፎቶ ባነሳ አንዱ ወደ 100 ጊጋባይት፣ ሌላው ወደ 68 ነው። ኅትመት ላይ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ካነኑ 50 በ34 ሴንቲ ሜትር፣ ሶኒው 59 በ40 ይደርሳል። ደንበኞቼ ሳሎን የሚሰቅሉት ትልቁ ፎቶ በሁለቱም ያምራል። ፒክስሉ እኔን አያስወስነኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ የገና ዕለት

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ አስፈቅጄ። ካነኑ ላይ የራሴን 85፣ ሶኒው ላይ የተዋስኩትን የሶኒ 85 ኤፍ 1.8 ገጠምኩ። ብርሃኑ ጧፍ ብቻ ነበር።

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 12,800። አንዲት አረጋዊት እናት ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ጧፉን በሁለት እጃቸው ከልለው ቆመዋል። የሰማችው ነገር እንደሌለ ሁሉ የልጅ ልጃቸው ትከሻቸው ላይ ተኝታለች። ሁለቱም ካሜራዎች ከነጠላው ሥር ያለውን ግራ ዐይን አገኙት። በ6ዲው ቢሆን የጧፉ ነበልባል ላይ ነበር ፎከስ የምይዘው። ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ያነሳሁት እኔ ራሴ መሆኔን ያረጋገጥኩት ስክሪኑን አይቼ ነው።

አሮጌው 85 ሌንሴ በውስጡ ማረጋጊያ የለውም። ካነኑ ሴንሰሩን ራሱን ስለሚያረጋጋ በ1/15 ሰከንድ በእጄ ይዤ ያነሳሁት ጥርት ብሎ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት በማውቀው ሌንስ ይህን አይቼ አላውቅም። ሶኒውም ይህን በራሱ ሌንስ ያደርጋል፤ እኔን የነካኝ ግን የራሴ ሌንስ ዳግም መወለዱ ነው።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ትናንት ከተራ፣ ዛሬ ጥምቀት፤ ሁለቱንም ቀን ጃንሜዳ ዋልኩ። ጉልበቴ ዝሏል፣ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ትናንት ከሰዓት ታቦታቱ ሲገቡ ካህናቱ በወርቀ ዘቦው ጥላ ሥር፣ መዘምራኑ ከበሮ እየመቱ ከፊት። ከገና ሌሊት ጀምሮ ሁለቱም ካሜራዎች ድምፅ አልባ ሻተር ላይ እንደነበሩ ረስቼዋለሁ። ወረብ ላይ የነበሩትን ሊቃውንት በሶኒው ተከታትዬ አነሳሁና ስክሪኑን ሳይ ደነገጥኩ፤ ቀጥ ያለው መቋሚያ እንደ ማጭድ ጎብጧል። አንዱ ላይማ እንደ ጅራፍ ተጣሟል። የሻተሩ ፍጥነት 1/1000 ስለነበር መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሻተር ላይ ሴንሰሩ ፎቶውን በአንዴ አያነብም፤ ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ ነው የሚያነበው። ሶኒው አንብቦ ለመጨረስ ወደ 1/15 ሰከንድ ይፈጅበታል። የመቋሚያው ጫፍ ሲነበብና መሬት የነካው ሲነበብ መቋሚያው ቦታ ቀይሯል። ካነኑ ወደ 1/70 ሰከንድ ገደማ ስለሚጨርስ በሱ ያነሳኋቸው መቋሚያዎች ትንሽ ዘንበል ይላሉ እንጂ አይጎብጡም። ሜካኒካል ሻተር ስመልስ ሁለቱም ቀጥ አሉ፤ ሶኒው በሰከንድ እስከ 10፣ ካነኑ እስከ 12 እያነሱ። ሜዳ ላይ ጸጥታ ስለማያስፈልግ ችግር አይደለም። ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወረብ ሲኖር፣ ጸጥታውም እንቅስቃሴውም በአንድ ላይ ይመጣሉ። እዚያ ነው ካነኑ የሚበልጠው።

ዛሬ ጠዋት ውሃው ሲረጭ ሁለቱንም በላስቲክ ሸፍኜ ሠራሁ። ብርሃኑ ከመረረ በኋላ ደግሞ ከስክሪኑ ምንም ስለማይታይ በማያው ብቻ ነው የሠራሁት። የሁለቱ ማያ ጥራት እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

የጃንሜዳ አቧራ። ሌንስ ሦስት ጊዜ ቀይሬ ነበር፤ ሰማዩ ላይ የሶኒው ሁለት፣ የካነኑ አንድ ነጠብጣብ አለው። 6ዲው ላይ መስታወቱና ሻተሩ ሴንሰሩን ከፊት ይከልሉት ነበር፤ እነዚህ ላይ ሌንሱ ሲወጣ ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። ሁለቱም ሲጠፉ ሻተሩ ሴንሰሩን እንዲሸፍን የሚያደርግ ምርጫ ሜኑአቸው ውስጥ አላቸው፤ እኔ ከፍቼው አልነበረም። አሁን ከፍቻለሁ። አቧራውን በእጅ በሚጨመቀው ማራገፊያ አስወገድኩት።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ሰርግ

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ። ፎቶውን እኔ በካነኑ፣ ቪዲዮውን ባልደረባዬ በተከራየነው ሶኒ፤ ከሰዓት ደግሞ ልንለዋወጥ ተስማምተን ወጣን።

የሙሽራዋ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሚዜዎች፣ አክስቶች፣ የአበባ ቅርጫት፣ የድግስ ሰሃን፤ መርፌ የሚጣልበት ቦታ የለም። ሙሽራው መጥቶ የወላጆቻቸውን ጉልበት መሳም ሲጀምሩ ባልደረባዬ የእንቅስቃሴውን ዝግታ ለማሳየት 4ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 60 ፍሬም ከፈተ። ሶኒው 60 ላይ ሲሆን የሴንሰሩን መካከል ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ፍሬሙ 1.5 ጊዜ ይጠብባል። ሌንሱ ላይ 28 የሚለው 42 ሆነ። ጀርባው ግድግዳውን ነክቶ ወደ ኋላ የሚሄድበት አጣ፤ በመጨረሻ በረንዳ ወጥቶ በበሩ ክፍተት ነው የቀረጸው። የአማቻቸው ራስ በግማሹ ተቆርጧል።

እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። የሙሽራዋ አያት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መስኮቱ ከኋላቸው ነው። ፊታቸው ጥቁር፣ ነጠላቸው ወተት የመሰለ፣ ከኋላ የጠዋት ፀሐይ። ከባዱ ፎቶ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ተሰብስቧል። ሙሽራዋ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም ካባዋ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አያትየው እጃቸውን ራሷ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ትንሽ አየር ላይ አቆዩት፤ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈራቸው ምርቃቱን ጀምሯል። 24 ላይ፣ ኤፍ 2.8። አያትየው፣ ሙሽራዋ፣ ካባው፣ መስኮቱ፣ በሩ ላይ ያለቀሰችው እናት ሁሉ ገቡ። ፎከሱ የአያትየው ዐይን ላይ ነው። ነጠላቸው ላይ ሽመናው ይታያል።

ከምሳ በኋላ ስንለዋወጥ ካነኑን 4ኬ በ60 ላይ አድርገን በዚያው ሳሎን ሞከርነው። 24ቱ 24 ሆኖ ቀረ፤ ከሴንሰሩ ሙሉ ስፋት ነው የሚቀርጸው። ባልደረባዬ ምንም አላለም፤ በረንዳውን ብቻ አየት አደረገ።

ለሶኒውም ፍርድ አላጓድልበትም። ከሰዓት በሱ ሳነሳ ፎከሱ እንከን አልነበረውም፤ አንገቴም አረፈ። የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ፊቷን ሲሸፍን ሁለቱም ካሜራዎች መረቡን እንጂ ዐይኗን መያዝ አቃታቸው፤ ወደ ትንሿ ነጠላ ነጥብ ቀይሬ በእጄ ነው ያረምኩት። ማታ አዳራሹ ውስጥ መድረኩ ላይ የነበረው የኤልኢዲ ስክሪን በኤሌክትሮኒክ ሻተር ሲነሳ ሁለቱም ላይ መስመር መስመር ሠራ፤ በሜካኒካል ቀረ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ዛሬ ከባልደረባዬ ጋር ቡና ላይ የሌንስ ሒሳብ ሠራን። የሶኒ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የሶኒን የሌንስ መግጠሚያ ሲግማ፣ ታምሮን ሁሉም ይሠሩለታል። ታምሮን 28-75 ሲወጣ 899 ዶላር ነበር፤ ለአር ካሜራዎች የተሠራው የካነን 24-70 ኤፍ 2.8 ሲወጣ 2,299። በመካከላቸው 1,400 ዶላር አለ። በ2016 ሚያዝያ ሲግማና ታምሮን ለካነን አር መግጠሚያ ሌንስ እንደሚሠሩ አስታውቀዋል፤ ግን ለትናንሾቹ ሴንሰሮች ብቻ ነው፣ ሙሉ ፍሬም አይሸፍንም። ባልደረባዬ «አንቺ ስትገዢ ደስ ይልሻል፣ ሌንስ ስትፈልጊ ግን ታለቅሺያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከባዶ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ሶኒውን ነው የምለው።

እኔ ግን ከባዶ አልጀምርም። ሌንሶቼን በአዳፕተር ሶኒው ላይ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ቀን ላይ ይሠራሉ፣ ጨለማ ሲሆን ፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ካነኑ ላይ ግን እንደ ተፈጥሮ ሌንሱ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድሮው ካነን ሌንስ ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በአዲሱ ርቀቱ 20 ነው። አዳፕተሩ የ24 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት የሚሞላ፣ መስታወት የሌለው ቱቦ ነው፤ በኤሌክትሪክ ነጥቦቹ በኩል ካሜራውና ሌንሱ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ወደ ሶኒ ሲሄዱ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል።

የሚጠግንልኝን ባለሙያም ጠየቅኩት። «እህቴ፣ ሁለቱንም እከፍታለሁ፤ መለዋወጫው በሰው እጅ ከዱባይ እስኪመጣ መጠበቅሽ ግን አይቀርም» አለ። በዚህ እኩል ናቸው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ካነኑን ወሰንኩ። ዜብራው ይቆጨኛል፤ ክብደቱም ይከብደኛል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቀን በኋላ ዐይኔ ላይ የቀሩት ያ ጠባብ ሳሎንና በረንዳ ላይ የወጣው ባልደረባዬ ናቸው። የምሠራው ሥራ አብዛኛው የሚፈጸመው እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ ሽምግልናው፣ መልሱ፣ ምርቃቱ። ወደ ኋላ የምሄድበት በሌለበት ክፍል 24 ሚሊ ሜትሬን የሚቆርጥብኝ ካሜራ አልይዝም። ለሦስት ሌንስ እንደገና ገንዘብ ማውጣትም አልችልም። ባልደረባዬ ቅር ቢለውም የሳሎኑን ቪዲዮ ሲያስተካክል ራሱ ደወለልኝ፤ «እሺ፣ ግዢው» ብሎ።

ሜሪላንድ ላለው የአክስቴ ልጅ ገንዘቡ የሚደርስበትን መንገድ ነግሬዋለሁ። ባትሪ አልጨምርም፤ አዳፕተር ግን ሁለት እንዲያመጣ አደራ ብያለሁ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ካሜራው ዓርብ ሌሊት ገባ። አዳፕተሩ ግን አንድ ብቻ ነው የመጣው፤ ሁለተኛው ከሱቁ አልቆ ነበር። ስለዚህ አዳፕተሩን ከካሜራው ሳላወልቅ ሌንሱን ብቻ እቀይራለሁ፤ ሲታሰብ ሴንሰሩንም በትንሹ ከአቧራ ይከልላል።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀለበቱን አነሳሁ። 50ዋ ሌንስ፣ 1/125፣ አይኤስኦ 3,200፣ ድምፅ የለም። ሮው በመጀመሪያው ካርድ፣ ጄፔግ በሁለተኛው እየተጻፈ። ሙሽራው ቀለበቱን ሲያጠልቅ አውራ ጣቱ ላይ የነበረችው የላብ ጠብታ ትታያለች። 50ዋ ሌንስ ቪዲዮ ላይ ፎከስ ስትፈልግ የምታሰማው ቁርቁርታ ግን በካሜራው ማይክ ይገባል፤ ለሚቀጥለው እሑድ ድምፁን በተለየ መቅጃ መያዝ አለብን። የዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የቀረኝ ያ አንድ ሰርግ ነው። 6ዲውን አልሸጥኩትም፤ 85ቱን ገጥሜ ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ እንግዶቹን እንዲያነሳ።